የመቶ ሃያ ሰው ቁርስ

ጥቅምት 4

ስኳር፦ አልለካሁም።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት፣ በየጠዋቱ የስኳሬን ልክ እንድጽፍበት። "ቁጥር ብቻ ነው የሚጻፍበት" ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር። ቁጥር ብቻ ያለበት ደብተር ማን ገልጦ ያነበዋል? እኔም ወሬ ጨመርኩበት።

ዛሬ ስድስት ወንበር በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ። የአንድ አዳራሽ ወንበሮች ናቸው፣ በኅዳር አጋማሽ ይፈለጋሉ። የእንጨት ቤቱ ባለቤት በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው ነው። "አባቴ፣ ቀስ እያሉ" ይለኛል። ቀስ ስል ደግሞ ፊቱ ይጠቁራል።

ልጄ እንደ ልማዷ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት እንቁላል ጠብሳ በሳህን ከድናልኝ ሄዳለች፣ ከጎኑ ዳቦ። እኔም እንደ ልማዴ በወረቀት ጠቅልዬ ለእንጨት ቤቱ ጥበቃ ሰጠሁት። "የልጅዎ እጅ ይባረክ" አለኝ። ይባረክ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ቁርሴን የሚበላልኝ እሱ ነው፣ እሷ አታውቅም።

"እርስዎስ ለምን አይበሉም?" ብሎኝ ያውቃል። ጠዋት ጠዋት አይገባልኝም አልኩት። እውነቴን ነው። ለምን እንደማይገባልኝ ግን... ይቅር።

ጥቅምት 5

ዝናብ ዋለ። ስኳር አሁንም አልለካሁም።

ጥቅምት 11

ጉድ ፈላ ዛሬ። የጠረጴዛ ፊት ቫርኒሽ እየቀባሁ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላብ አጠመቀኝ... ከዚያ በኋላ የማውቀው ነገር የለም። ስነቃ ጉንጬ ከጠረጴዛው ጋር ተጣብቋል። አለቃዬ አንዴ እኔን አንዴ ጠረጴዛውን እያየ ለየትኛው እንደሚያዝን ጨንቆታል። የጺሜ ግማሽ እዚያው ቀረ።

ጥበቃው ደግፎ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ። ነርሷ ለካች፤ አርባ ስምንት።

"ክኒኑን ወስደዋል?"

"ወስጃለሁ።"

"ቁርስስ?"

"በልቻለሁ።"

"ምን በሉ?"

"እንቁላል።"

ጥበቃው ከበሩ ሆኖ፣ "ኧረ እንቁላሉንስ እኔ ነኝ የበላሁት" አለ። ደንግጦ ነው እንጂ ክፋት የለውም። ግን ያን ጊዜ ልጄ ከኋላው ደርሳ ቆማ ነበር። ደውለውላት ነው የመጣችው።

ነርሷ ተቆጣች። "ክኒኑን በባዶ ሆድ ከወሰዱ አንድ ቀን እንዲህ ወድቀው አይነሱም። ካልወሰዱት ደግሞ እግርዎን ወይም ዓይንዎን ያጣሉ። ቁርስ መብላት አለብዎት። ሌላ መንገድ የለም።"

ከጤና ጣቢያው ልጄ ይዛኝ ወጣች። ቤት ስንገባ፣ "ሦስት ዓመት እንቁላሌን ጥበቃው ነው የበላው?" አለችኝ። ልስቅ ነበር። ፊቷን ሳየው ሳቄ ጠፋ። "የኔ ምግብ አይጥምህም፣ አባዬ? እማዬ ትሠራው እንደነበረው አይሆንልኝም፣ አውቃለሁ። ንገረኝ እንጂ!" አልቅሳ ጓዳ ገባች።

እንዴት ብዬ ነው የምነግራት? ቁርስ እኮ ነው። ቁርስ!

ጥቅምት 12

ዕረፍት ውሰድ ተብዬ ቤት ዋልኩ። ሥራ የፈታ ሰው ሐሳቡ የትም ይሄዳል። የኔ ሄዶ ወታደር ሳለሁ የነበርኩበት ካምፕ ውስጥ አረፈ።

ትልቁ ዛፍ ሥር ነበር ወጥ ቤቴ። ሦስት ትልልቅ ድስት፣ የውኃ በርሜል፣ የቆርቆሮ ከለላ። ስሜን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጭልፋ ነበር የሚሉኝ፣ ሻለቃው ሳይቀር። መቶ ሃያ ሰው ሳህኑን ይዞ ሲሰለፍ የሚሰማው ኳኳታ... አሁንም በጆሮዬ አለ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ጭልፋዬን አንዴ ነክሬ የአንድ ሰው ድርሻ ሳልጨምር ሳልቀንስ አወጣለሁ። እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም።

አንዱ ልጅ ነበር፣ ባለ ሁለት ኮፍያ እንለው ነበር። ድርሻውን በልቶ ሲያበቃ የሌላ ሰው ኮፍያ ይዋስና እስከ ቅንድቡ ደፍቶ እንደገና ይሰለፋል። "አንተ በልተሃል እኮ!" ስለው፣ "እኔ ሌላ ሰው ነኝ" ይላል፣ ድምፁን አወፍሮ። ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ይሞታል። አንድ ቀንም ሳልሰጠው ቀርቼ አላውቅም።

ምነው እንደዚያ ዓይነት ሳቅ ከዚያ በኋላ ጠፋ? ወይስ እኔ ነኝ የጠፋሁት?

ጥቅምት 14

ልጄ ከሥራዋ አርፍዳ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። "ዛሬ ዓይኔ እያየ ትበላለህ።" ዳቦውን አፌ ከተትኩ። አላመጥኩ። ጉሮሮዬ እምቢ አለ። ሮጬ ወጥቼ ተፋሁት። ስመለስ ሳህኑን አንስታ ሄዳለች። አንጀቴን በላችው።

ጥቅምት 16

የቀረችውን ግማሽ ጺም ይዤ መዞሩ ስላስጠላኝ ጥጉ ጋ ወዳለው ፀጉር አስተካካይ ገባሁ። በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ ወጣሁና፣ "ወደ በሩ ታዞርልኛለህ?" አልኩት። ሁልጊዜ የምጠይቀው ነው። ሌሎቹ ፀጉር ቆራጮች ይገረማሉ፣ መስተዋቱን ትቶ በር የሚያይ ደንበኛ ገጥሟቸው አያውቅም።

እሱ አልተገረመም። ወንበሩን አዙሮ፣ "የት ክፍል ነበርክ?" አለኝ።

ነገርኩት። እሱም እግረኛ ወታደር ነበር። ሰኞ ሰኞ ሱቁ ዝግ ነው፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ እንደሱ ዓይነቶቹ ይሰበሰባሉ። "ምን ትሠራላችሁ?" ብለው፣ "እናወራለን። ካልፈለግን ዝም እንላለን" አለ።

"እኔ እኮ አብሳይ ነበርኩ። ተኩሼም አላውቅ።"

"ታዲያ እኛ ሳንበላ ነው የተኮስነው?"

 ሳያውቅ የተናገረው ነው፣ ምን ያውቃል።

ጥቅምት 19

ሄድኩ። ልመለስ ብዬ ሁለት ጊዜ ጥጉን ዞሬያለሁ። ከዚያ ገባሁ።

ከኔ ጋር አሥራ አንድ። ሁሉም ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀምጠዋል። ፎቶ ሊነሱ የተሰለፉ ይመስላሉ። ሳቅ አፈነኝ። እኔስ? የኔም ዓይን የፈለገው ግድግዳውን ነበር። አንዲት ቦታ ትተውልኛል።

ደንባቸው እንዲህ ነው። መናገር የፈለገ የፀጉር መቁረጫው ወንበር ላይ ይወጣል። ፀጉር ቆራጩ ጨርቁን አንገቱ ላይ አስሮ ቀስ እያለ ይከረክመዋል። ጀርባውን ለበሩ የሚሰጠው ያ የሚናገረው ሰው ብቻ ነው። "እኛ በሩን እናይለታለን" አለኝ ፀጉር ቆራጩ። "እሱ ሥራው መናገር ነው።"

ዛሬ የወጣው ሹፌሩ ነው፣ የጦር ካሚዮን ይነዳ የነበረ። ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ተረጋግቶ መሳፈር አይችልም። ባለፈው ሳምንት ለሠርግ ሄዶ፣ ከሙሽሮቹ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ መንገዱን በሙሉ ወለሉን በእግሩ ሲረግጥ ነበር፣ ፍሬን መሆኑ ነው። ጫማው ተቀደደ። ከልባቸው ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። ቀጥሎ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ተናገረ፤ ያኔ ማንም አልሳቀም። እዚህ አልጽፈውም፣ የሱ ነው።

ጥጉ ላይ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ተቀምጧል። ሁለት ዓመት ሲመጣ አንድ ቀን አልተናገረም አሉ። አንድ ቀንም አልቀረም።

ጥቅምት 20

ስኳር፦ 210። ክኒኑን ትቼዋለሁ። ነርሷ እንዳታይ።

ጥቅምት 26

ዛሬ የወሬው ሁሉ ርዕስ ምግብ ሆነ። በኔ ምክንያት ነው። "ይህ ጭልፋ ነው" ብሎ ሹፌሩ አስተዋወቀኝ። ከየት አወቀው? ለካ በየክፍሉ አንድ ጭልፋ ነበር!

"የኛው ጭልፋ ሩዝ የሚያማስለው በአካፋ ነበር" አለ አንዱ።

"እናንተስ ሩዝ አይታችኋል። እኛ ሾርባ ብለው የሚሰጡን፣ ድስቱ የታጠበበት ውኃ ነው።"

"ሥጋውን አብሳዩ ይጨርሰዋል። አይደለም እንዴ፣ ጭልፋ? ዛሬ እውነቱን አውጣ!"

አወጣሁ። ከአጥንቱ ላይ የቀረችውን እየጋጥኩ ነው የወፈርኩት አልኩ። ሱቁ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። መቼ ነው እንደዚህ የሳቅኩት? ያ ሰልፍ ታወሰኝ፣ ያ የሳህን ኳኳታ። እዚያው የተመለስኩ መሰለኝ፣ ሁሉም ልጆች በሕይወት እያሉ...

ወደ ቤት ስመለስ ግን ሌላ ሐሳብ ያዘኝ። የሚስቁት ስላላወቁ ነው። ቢያውቁ አንዱም አጠገቤ አይቀመጥም።

ኅዳር 3

ሰኞ ነው። አልሄድኩም።

ኅዳር 4

ከሰዓት በኋላ ወንበር እየፈተግኩ ቀና ስል ሹፌሩና ሰዓት ጠጋኙ እንጨት ቤቱ በር ላይ ቆመዋል።

"ምን ልትሠሩ መጣችሁ?"

"ተረኞች ነን" አለ ሹፌሩ። የቀረ ሰው ካለ በማግስቱ ሁለት ሰው ይላካል፣ ደንብ ነው። ለምን ቀረህ ብለው አይጠይቁም። ያ ደግሞ ሌላው ደንብ ነው።

ብርጭቆ ወረቀት አነሱና አጠገቤ ቁጭ ብለው ይፈትጉ ጀመር። ሹፌሩ ከአፉ ወሬ አይጠፋም። ሰዓት ጠጋኙ ዝም። ግን ጣቶቹ! የወንበሩ እግር ከመቀመጫው የሚገናኝባትን፣ የኔ ጣት የማይገባባትን ቀዳዳ ሁሉ አስተካከላት። አለቃዬ አይቶ፣ "አባቶቼ፣ ነገም ብትመጡ?" አለ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ተነሱ። ሹፌሩ አቧራውን እያራገፈ፣ "ሰኞ ና። በሩን የሚያይልን አንድ ሰው ጎድሏል" አለኝ።

ና እናክምህ ቢለኝ አልሄድም ነበር።

ኅዳር 10

ወንበሩ ላይ ወጣሁ።

ጀርባዬን ለበሩ ሰጠሁ። ፊቴ መስተዋት፣ ከኋላዬ ሌሎቹ ሁሉ ዓይናቸው በሩ ላይ። ማንም እኔን አያይም። ፀጉር ቆራጩ ጨርቁን አሰረልኝ። መቀሱ ይንቀሳቀሳል፣ ቂጭ፣ ቂጭ... ተናገርኩ።

ሳምንቱን በሙሉ ዘንቦ ነበር። እንጨቱ ርሷል። አንድ ጠዋት እሳቱ አልያዝ ቢለኝ ናፍጣ ረጭቼ ለኮስኩት። ሩዙ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ። ልጆቹ አፋችን አጠገብ ክብሪት አትጫሩ እየተባባሉ ሳቁብኝ። "ጭልፋ፣ ሊትሩ ስንት ነው?" እያሉ። የሚሳቅብኝ ሰው አልነበርኩም፣ በሥራዬ ኮርቼ የምኖር ነበርኩ። ቅስሜ ተሰበረ። በማግስቱ ምንም ቢሆን ናፍጣ አላስጠጋም አልኩ። እንጨቱን በእፍ እፍ ላነደው ታገልኩ። ጭስ ብቻ። ሩዙ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንደተቀመጠ ካሚዮኖቹ መጡ። ያላሰብነው ትእዛዝ ነበር።

ሳይበሉ ተሳፈሩ። መቶ ሃያ ሰው። ናፍጣው እጄ ሥር ነበር፣ አንድ ኩባያ ይበቃኝ ነበር። ለኩራቴ ብዬ...

ኮፍያ ተውሶ "እኔ ሌላ ሰው ነኝ" እያለ ሁለቴ ይሰለፍ ስለነበረው ልጅም ነገርኳቸው። ባለ ሁለት ኮፍያ ከካሚዮኑ ላይ ጮኸ። "ጭልፋ! ስንመለስ እንበላዋለን። የኔን ሁለቱንም አስቀምጥልኝ!"

ከሄዱ በኋላ ናፍጣውን ረጨሁ። አበሰልኩት። እስከ ማታ እሳት እየጨመርኩ ጠበቅሁ። ሠላሳ አንድ ሰው ተመለሰ። እሱ የለም። ከተመለሱትም የቀመሰ የለም። ድስቱ ሞልቶ አደረ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጉሮሮዬ ይዘጋል አልኩ። ጨረስኩ።

መቀሱ ቆመ። "አንተ ምን አጠፋህ" ቢሉኝ ተነስቼ ልሄድ ነበር። ሚስቴ ነፍሷን ይማርና አንድ ጊዜ ጀምሬላት እንደዚያ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለማንም አልጀመርኩም።

እንደዚያ አላሉም። ሹፌሩ ነው የጠየቀው።

"ሩዙ በምን ነበር?"

"በቦሎቄ" አልኩ።

"ሽንኩርት ነበረው?"

"ተቁላልቶ። ጥቂት ቃሪያም አግኝቼ ነበር ያን ቀን።"

"ጥሩ ቁርስ ነበራ" አለ አንዱ፣ ከልቡ። አንዱ ደግሞ ቦሎቄው ታድሮ ከተዘፈዘፈ ብዙ እንጨት አይፈልግም አለ። ዘፍዝፌው ነበር አልኩት። ስለዚያ ቁርስ እንዲህ ቁም ነገር አድርጎ ያወራኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ ጨርቁ ላይ ይንጠባጠባል፣ ማንም ዞሮ አያይም፣ በሩን እያዩልኝ ነው።

ያኔ ከጥጉ አንድ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ።

"የኛዎቹ በልተው ነው የሄዱት።"

ሰዓት ጠጋኙ ነው። ሁሉም ዞሮ አየው፣ በሩ ተረሳ።

"ጥሩ ቁርስ ነበር። ጠግበው ነው የተሳፈሩት። አልተመለሱም።"

ሌላ አልተናገረም። ሌላም አያስፈልግም ነበር። ይህን ሊነግረኝ የሚችል፣ ጠግበው ሄደው ሲቀሩበት ያየ ሰው ብቻ ነው።

ፀጉር ቆራጩ አንገቴን በብሩሽ ጠርጎ ጨርቁን ፈታልኝ። "እንግዲህ ቁርሳችንን አምጣ" አለ። "የሚመጣው ሰኞ ጠዋት። አሥራ አንድ ነን።"

ኅዳር 12

ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። መጨረሻ ላይ፣ "ስለዚህ እንቁላሌ አይደለም" አለች።

"እንቁላልሽ አይደለም፣ የኔ ልጅ።"

ተነስታ አቀፈችኝ። ታልቅስ ትሳቅ ያልለየሁት ድምፅ አወጣች።

ኅዳር 16

ዛሬ ጓዳ ገባሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ነው። እጄ ግን የሚያውቀው አንድ ልክ ብቻ ነው ለካ! ለአሥራ አንድ ሰው ብዬ ገዝቼ ቦሎቄውን ስዘፈዝፍ ድስቱ ሞላ። ሁለተኛው ድስት ሞላ። የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሞላ። ልጄ ከሥራ ስትመጣ ባልዲው ላይ ደርሻለሁ።

"አባዬ፣ ጦርነት ተነሳ እንዴ?"

ከዚህ በፊት ቢሆን እንዲህ ያለ ቀልድ ያመኝ ነበር። ዛሬ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። ግማሹን ለጎረቤት አደለችው። የቀረውን አብረን ለቀምን፣ ሽንኩርት ከተፍን። "እንዲህ ነው የሚከተፈው" ስላት፣ "እሺ፣ ጌታዬ" ብላ በቢላዋዋ ሰላምታ ሰጠችኝ።

ኅዳር 17

ሹፌሩ መጥቶ ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ጫንን። ሱቁ ውስጥ ሳህናቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ከየቤታቸው ያመጡት ሳህን ነው፣ ሆን ብለው የቆርቆሮ ፈልገዋል። ኳኳታው... ያው የካምፑ ነው። 

ጭልፋዬን ነከርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እጄ አልረሳም። የአንድ ሰው ድርሻ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

አሥሩንም ሰጥቼ ክዳኑን ልመልስ ስል አንድ ሰው እንደገና ፊቴ ቆሟል። የሹፌሩን ኮፍያ እስከ ቅንድቡ ደፍቷል። ሰዓት ጠጋኙ።

"አንተ በልተሃል እኮ" አልኩት። 

"እኔ ሌላ ሰው ነኝ" አለ።

ሞልቼ ሰጠሁት። አለቀስኩ። እሱም። ሱቁ ውስጥ ያላለቀሰ አልነበረም፣ የሳቀውም ያው ሰው ነው።

ከዚያ ሁሉም ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "አብሳዩ ካልበላ አንነካም።" ፀጉር ቆራጩ ወንበሩ ላይ አወጣኝ፣ ጨርቁን እንደ ሕፃን አንገቴ ሥር አሰረልኝ። ጀርባዬ ለበሩ። አሥሩም በሩን ያያሉ። የመጀመሪያው ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ጠበቅሁት። እነሱም ጠበቁኝ፣ ማንም "ዋጠው" አላለኝም።

ወረደ።

ኅዳር 18

ስኳር፦ 118። ክኒን ወስጃለሁ።

ልጄ እንቁላሉን አስቀምጣ ቦርሳዋን አንስታ በሩ ላይ ደርሳለች። ሳህኑን ከፈትኩና አንድ ጉርሻ ጎረስኩ። ሁለተኛ። ቆማ እያየችኝ ነው። ጠርጌ ጨረስኩት።

"ጨው ያንሰዋል" አልኳት።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?"

"ቀምሼው አላውቅማ።"